የጎልማሳ ተማሪና የባዕድ ቋንቋ፤ ከደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ የማታ ክፍሎች

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር የመጀመሪያው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ መታተሙና ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መሆናቸው ሳይጠቀስ አይታለፍም። የደራሲው የዕለት እንጀራ ምን እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። አፈወርቅ በዚያን ዘመን ይተዳደሩ የነበሩት ለጎልማሶች ቋንቋ በማስተማር ነው። ኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የምሥራቅ ጥናት ተቋም ከፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር ሆነው ጢም ላወጡ ኢጣሊያውያን ሀ ሁ ያስቆጥሩ ነበር። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 ድረስ በርሊን ተቀምጠው ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። ከሁለቱም ቀደም ብሎ ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ውስጥ የታዋቂው ሊቅ የኢግናሲዮ ጉይዲ መምህርና የሥራ ባልደረባ ነበሩ።

ሦስቱም ሊቃውንት አገራቸው ሳሉ ብዙም የማያሳስባቸው የነበረ ጥያቄ በባዕድ አገር ገጥሟቸዋል። ይኸውም አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ፣ ትምህርቱን የጨረሰ፣ የራሱ አስተሳሰብና ክብር ያለው ሰው አማርኛን እንዴት አድርጎ ይማራል? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ለጥያቄው የሰጡት መልስ በአማርኛ ዝርው ጽሑፍና በመዝገበ ቃላት ሥራችን ላይ አሻራ መተዉን ነው። ቀጥዬም ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ራሳቸው በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ተማሪ ሲሆኑ፣ ያ ልምድ ደርሷቸው እንደ ሆነና እንዳልሆነ እመለከታለሁ። ለእኔ እንደሚመስለኝ አልደረሳቸውም። ዋጋውንም የከፈሉት ከሥራ ሲወጡ ደብተር አንግበው ወደ ማታ ትምህርት ይሄዱ የነበሩ፣ ዕድገታቸው በአንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ የተንጠለጠለባቸው ሰዎች ናቸው።

ሳቅና አድናቆት

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 17ኛው መቶ ዘመን መመለስ ግድ ይላል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቃቅሞ ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ገብቶ፣ በቫቲካን አጠገብ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ተዋወቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። መነኮሳቱ መጽሐፍ ሰጥተው ቢያስነብቡት በአነባበቡ ሳቁበት። ያነበበውን ሲተረጉም ግን ተደነቁ፤ ለእነሱ እንኳ ከባድ የሆነውን ቃል ይፈታው ነበርና። ታሪኩን የነገረን ራሱ ሉዶልፍ ነው።

በእኔ አስተያየት ጎልማሳ ቋንቋ ተማሪ የሚገጥመው ችግር በሙሉ በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ አለ። የሉዶልፍ አእምሮ ከአፉ ቀድሟል። ሕፃን ቋንቋ ሲማር አፉና አእምሮው እኩል ያድጋሉ፤ የሚያስበውን ያህል ይናገራል፣ ሲሳሳትም ሳቁ የፍቅር ሳቅ ነው። ጎልማሳው ግን ስለ ሃይማኖት፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሕግ የሚያስብ ሰው ሆኖ ሳለ በአዲሱ ቋንቋ ውኃ ለመለመን ይንተባተባል። የሳቁት ሰዎች ክፋት ባይኖራቸውም ሳቁ ይሰማዋል። ስለዚህ ብዙው ዝም ይላል። ዝም ካለ ደግሞ አይማርም።

ሉዶልፍ ያልተለመደ ሰው ስለ ነበረ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1652 ከሮም ያወቃቸው አባ ጎርጎርዮስ በሳክስ ጎታ መስፍን ግብዣ ጎታ ድረስ ሄደው በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ከእሱ ጋር ሰነበቱ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለማያውቁ በግዕዝ ተግባቡ። እንግዲህ ለሁለቱም የመጽሐፍ ቋንቋ የሆነው ግዕዝ እዚያ የጨዋታ ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ስለ አገሩ ጠያቂ፣ ሌላው ስለ አገሩ መላሽ ሆነው ሲነጋገሩ ትምህርቱ በጨዋታው መካከል ያልፍ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞባቸው ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተሙት ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ በ1698 ነው።

ከተማሪ ጥያቄ የተወለደ መዝገበ ቃላት

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢጣሊያ ዓይኗን በቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ ስትጥል አማርኛ የሚያውቅ ሹምና መኮንን አስፈለጋት። የዓላማውን ክፉነት እናውቀዋለን፤ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ ምን እንደ ተከተለ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሆኖም ከዚያው ፍላጎት የወጣ ሌላ ውጤትም አለ። ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1894 የአበሻ ምሳሌያዊ ንግግሮችን፣ ግጥሞችንና ተረቶችን ሰብስቦ ሲያሳትም፣ በ1901ም ትልቁን የአማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ከጎኑ ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

የአንኮበሩ ሊቅ ከሮም በኋላ ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያም የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደክመውበት ሳይታተም አረፉ፤ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙት። የራሳቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም በዚያው ማተሚያ ቤት በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ይህን የአደራ ሰንሰለት ብዙዎች ያነሡታል። የመጀመሪያው ቀለበት ለአንድ ጎልማሳ ፈረንጅ ተማሪ አማርኛ ማስረዳት እንደ ነበረ ግን አብሮ ሲነገር አልሰማሁም።

ነገሩ የአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። የአገሩ ልጅ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ቃሉ እንግዳ ሲሆንበት ነው። ባዕዱ ጎልማሳ ግን «አለ»ን ይጠይቃል። ለምን አንድ ጊዜ ላልቶ «ተናገረ» ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ጠብቆ «ይገኛል» ይሆናል? ይላል። «ገና» ጠብቆ የልደት በዓል፣ ላልቶ «እስከ አሁን ያልሆነ» የሚሆንበትን ምክንያት ይጠይቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለእኛ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጆሯችን እንጂ ዓይናችን አይለያቸውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ የሚቀርብለት መምህር የገዛ ቋንቋውን ከውጭ ሆኖ ማየት ይጀምራል።

የአፈወርቅ መንገድ

አለቃ ታዬ በርሊን ላይ የነበራቸውን አስተማሪነት በአጭሩ አልፌ ወደ አፈወርቅ ልመለስ፤ ስለ ጎልማሳ ተማሪ ችግር ከሁሉ የበለጠ የሚናገረን የእሳቸው ሥራ ነውና።

አፈወርቅ በዘጌ ተወልደው፣ አውሮፓ ተምረው፣ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኔፕልስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በኢጣሊያንኛ አሳተሙ፤ በርእሱ ላይም ተግባራዊ ዘዴ መሆኑን አስታወቁ። በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ የሚናገር ሌላ መጽሐፍ አከሉበት። በመካከሉ፣ ልብ ወለዱ በወጣበት በዚያው በ1908 እና በዚያው በሮም፣ በሐበሻ አገር ለሚጓዝ መንገደኛ መሪ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መጽሐፍ አወጡ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የዚህ መጽሐፍ ስም የሚነሳው በግርጌ ማስታወሻ ላይ ነበር። ይህ የተገባው አይደለም።

መጽሐፉ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርጎ በንግግር መልክ የተዘጋጀ ነው። በዘመኑ ከነበሩት የመንገደኛ መጽሐፎች የሚለየው መንገደኛውን «ውኃ ስጠኝ»፣ «በቅሎው ስንት ነው?» አሰኝቶ ብቻ ስለማይተወው ነው። መንገደኛውና የአገሩ ሰው እየተጓዙ ስለ አገሩ አስተዳደር ይነጋገራሉ። ወታደር በገበሬ ቤት ስለሚያደርሰው ዝርፊያ፣ ስለ ድሀው ብሶት፣ ስለ ሹማምንቱ ነገር ይነሣል። የታሪክ ተመራማሪዎች መጽሐፉን የሚያውቁት ስለ ምኒልክ ዘመን አስተዳደር በያዘው በዚህ ብርቱ ሂስ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክን በውዳሴ የጻፈው ያው ብዕር መሆኑ ደግሞ ከአፈወርቅ እንቆቅልሾች አንዱ ነው። በኋላ በጠላት ወረራ ጊዜ የያዙት አቋምም ስማቸውን አጥቁሮታል። ያም ሆኖ የመምህርነት ብልሃታቸውን አይሽረውም።

ብልሃቱ ምንድን ነው? ለጎልማሳው የጎልማሳ ነገር መስጠታቸው ነው። የኔፕልስ ተማሪ ስለ ፖለቲካ የሚያስብ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ድመቷ አልጋ ላይ ናት» አሰኝቶ ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሦስት ወር አይቆይም። ነገሩ ከጣመው ግን የማያውቀውን ግሥ እየዘለለ፣ ወደ ፈረንሳይኛው ዓይኑን እየጣለ ወደ ፊት ይሄዳል። ምን ተባለ? ምን መለሰ? እያለ ይገፋል። ሰዋስዉም በመንገዱ ላይ ያገኘዋል።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለበት። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአማርኛ የተጻፈው ዝርው ጽሑፍ በአመዛኙ ዜና መዋዕል፣ የሃይማኖት ትርጓሜና ደብዳቤ ነበር። ሁለት ተራ ሰዎች ስለ ዕለት ኑሮ እየተቀባበሉ ሲነጋገሩ በጽሑፍ ማስቀመጥ ያልተለመደ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉት ከዚህ በኋላ ነው። የአማርኛ የንግግር ጽሑፍ፣ ማለትም ሰው አፍ ላይ ያለው ቋንቋ በወረቀት ላይ መዋሉ፣ ከቋንቋ መማሪያ ገጾች የተገኘ ጥቅም ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። የልብ ወለዱም ነገር ቢሆን ሲጻፍ በደራሲው ዓይን ፊት የነበሩት የመጀመሪያ አንባቢዎች እነማን ነበሩ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ልብ ወለድ የሚገዛ ሕዝብ አልነበረም። ኔፕልስ ውስጥ ግን የሚነበብ አማርኛ የራባቸው ተማሪዎች ነበሩ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሰነድ አግኝቶ የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ቢነሣ ደስታዬ ነው።

ነገሩ ሲገለበጥ

አሁን ወደ አራት ኪሎ እንምጣ። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲመሠረት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ የትምህርቱም ዋና ነገር የአውሮፓ ቋንቋ ነበር። የፈረንሳይ አሊያንስም በዚያው ሰሞን በከተማው ሥራ ጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። የባቡር ሐዲዱ፣ ፖስታው፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበርና እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ «ቋንቋ ያውቃል» ማለት ፈረንሳይኛ ያውቃል ማለት ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ከወረራው የተረፈው ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ የመዝገብ ቤት ሹም ፈረንሳይኛውን ይዞ ቢሮ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የጠበቀው እንግሊዝኛ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተም ጀመር። አማካሪው፣ መምህሩ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ ሆነ። በወጣትነቱ አንድ የባዕድ ቋንቋ በስንት ድካም የተማረ ሰው በ35 እና በ40 ዓመቱ ሁለተኛ እንዲጀምር ተገደደ። የአዲስ አበባ የማታ ትምህርት እውነተኛ መነሻ ይህ ይመስለኛል። ብርሃንህ ዛሬ ነው የተባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ፤ ስሙ ራሱ ለዘገየ ተማሪ የተነገረ የማጽናኛ ቃል ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አራት ኪሎ ላይ በካናዳዊው ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የማታውን ትምህርት ጀመረ። ብሪቲሽ ካውንስል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ፒያሳ፣ አርቲስቲክ ሕንፃ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

እንግዲህ በ11 ሰዓት ከሥራ የሚወጣው ሰው መንገዱ ይታያችሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ በራስ መኰንን ድልድይ አድርጎ ወደ ፒያሳ፣ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ በእግሩ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ቢያገኝ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» የሚል እንጂ «ልማር ነው» የሚል ጥቂት ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛን ቀን ይማራሉ፤ እሱ ማታ። ቤት ሲገባ ልጁ ያርመዋል። የሉዶልፍ ሳቅ እዚህ የገዛ ልጅ ሳቅ ሆኖ መጣ።

እኔ በማታ ክፍል እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከእነዚህ ሰዎች የመጨረሻዎቹን አግኝቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። የተሰጠን መጽሐፍ ለአሥር ዓመት ልጅ የተጻፈ ነበር። የሃምሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በቀን በሰው ርስትና ውርስ ላይ የሚጽፍ ሰው፣ ማታ ቆሞ «ጆን ኳስ ይወዳል፤ ሜሪ አሻንጉሊት ትወዳለች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረግ ነበር። መጽሐፉ እንዲለወጥ ብናመለክትም የተሰጠን መልስ «ጀማሪ ጀማሪ ነው» የሚል ሆነ። ክፍሉ መስከረም ላይ ግጥም ብሎ ይሞላል፤ ከገና በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የቀሩትን ሰዎች ሰበብ ብጠይቅ ሥራ በዛ፣ ቤተሰብ ታመመ ይሉኛል። ጆንና ሜሪ አስመረሩኝ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በጨዋታ መካከል።

ያው ጸሐፊ ግን በሌላ መንገድ ይማር ነበር። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዞ፣ አማርኛውን በቃሉ ስለሚያውቀው ወደ እንግሊዝኛው እየተሻገረ ያነባል። ረቂቁ መጀመሪያ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መሆኑን ስነግረው ሳቅ አለና «ታዲያ በሁለቱም በኩል ትርጉም ነዋ!» አለኝ። ስለ ውርስ የሚናገሩትን አንቀጾች በእንግሊዝኛ እየጠቀሰ ሲያስረዳ ጆንን ያነበበው ሰው አይመስልም ነበር። አንዳንድ ድምፅ ይጥለዋል፤ ተናባቢ ድምፆች ሲከታተሉበት እንደ ልማዳችን «እ»ን ጣል እያደረገ ይገላገላቸዋል። ነገሩ ግን ይገባል። አፈወርቅ ለኔፕልስ ተማሪዎች ሆን ብለው ያዘጋጁትን ነገር ይህ ሰው ለራሱ አግኝቶታል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቋንቋዎችና ለአንባቢው የሚገደው ጉዳይ።

ከቅኔ ቤት የቀረ ብልሃት

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጠን የቅኔ ቤትን አለማስታወሳችን ነው። ቅኔ ቤት እኮ የባዕድ ቋንቋ ማስተማሪያ ነው። ግዕዝ የማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ልጅ እግር አለ፤ ጢሙ ያቀመቀመ ጎልማሳም አለ፤ አንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያሉ ግሥ ይገሣሉ፣ ርባ ቅምሩን ያወጣሉ፣ አገባቡን ያጠናሉ። እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም የሰዋስው ክፍል አይለይም፤ ብዙ ሰዎችም ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ሲያወሩ «ሽምደዳ ነው» ብለው እዚህ ላይ ያቆማሉ።

የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። ተማሪው ገና ጥቂት ግሥ እንደ ያዘ ቅኔ እንዲቆጥር ይታዘዛል። ቀኑን በየጥሻው ብቻውን ሲያሰላስል ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የሚጀምረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። መምህሩ ይሰማና ያርማል፤ ይህ ግሥ ለዚህ አይሆንም፣ ይህ ባለቤት ማሰሪያ የለውም ይላል። ተማሪው አንጀቱ ቢያርም ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ለሳቅም ቢሆን ሥርዓት አለው፤ ሁሉም በየተራው ስለሚታረም የአንዱ ስሕተት የሁሉም ትምህርት ነው። እንግዲህ በጀማሪው አፍ ላይ ያለው ቋንቋ ሁለት መሥመር ብቻ ቢሆንም፣ በሁለቱ መሥመር ውስጥ ሰምና ወርቅ እንዲያኖር ይጠበቅበታል። ቋንቋው የጀማሪ ነው፤ ሐሳቡ የሙሉ ሰው ነው።

ይህ ሥርዓት እንከን የለውም አልልም። ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ሌላ ሥራ ለሌለው ሰው የታሰበ ነው፣ ንግግር አያስተምርም። የቅኔ ሊቅ በግዕዝ ገበያ መገበያየት አይጠየቅም። ሆኖም ለጎልማሳው ተማሪ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር፣ ማለትም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የራሱን ሐሳብ በባዕድ ቋንቋ የመናገር መብትን፣ ሰጥቶታል። የአራት ኪሎ የማታ ክፍሎች ይህን መብት እስከ መጨረሻው ዓመት ያቆዩበት ነበር፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይሰጡትም።

የሰላም ጓድና ጥቂት ሌሎች

እ.ኤ.አ. በ1962 መስከረም ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አዲስ አበባ ሲገቡ በዋሽንግተን ጥቂት ሳምንታት አማርኛ ተምረው ነበር። ያስተማሯቸው እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ተቋም በሰርጅ ኦቦሌንስኪና በሁለት ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ የአማርኛ መማሪያ በ1964 እና በ1965 አሳተመ። 60 ምዕራፍ አለው። ዘዴው በዘመኑ የተወደደው ነበር፤ ንግግሩን በቃል መያዝ፣ ከዚያ አንድ ቃል እየለወጡ ደጋግሞ ማለት። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ትልቁን መማሪያ መጽሐፉን አወጣ።

በእነዚህ መጻሕፍት የተማሩ ሰዎችን አስተምሬ አውቃለሁ። «ጠ» እና «ቀ»ን ማስጮህ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ይረሱታል። ማጥበቅና ማላላት ይከብዳል። «ይመታል» ሲሉ መቺው ይሁን ተመቺው የሚለየው በጥብቀት መሆኑን ሲሰሙ ፊደሉን ይወቅሳሉ። ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው ግን አንተና እርስዎ ነው። ሽማግሌውን «አንተ» ብለው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሰዋስዉ ትክክል እንደ ነበረ ያውቃሉና ምን እንዳጠፉ አይገባቸውም። ይህን ችግር ያቃለለላቸው መጽሐፍ አይደለም። ገጠር የተመደበው አስተማሪ በዓመቱ ሲመለስ «እርስዎ»ን ከእኛ አብልጦ ያበዛ ነበር፤ የቤት አከራይዋ እሜቴ አስተምረውታል።

በደርግ ዘመን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲላኩ መጀመሪያ አንድ ዓመት የመሰናዶ ፋኩልቲ ገብተው ሩሲያኛ ይማሩ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ምሕንድስናውንና ሕክምናውን በዚያው ቋንቋ ይጀምራሉ። መካከላቸው የሠላሳ ዓመት የጦር መኮንኖች ነበሩ። ጎልማሳ አይማርም የሚለው አባባል በእነሱ ፊት አይቆምም። ቀኑን ሙሉ የተማሩ፣ ደመወዝና ምግብ ያልቸገራቸው፣ ከክፍል ሲወጡም ሩሲያኛ የጠበቃቸው ሰዎች መሆናቸውን ግን ማስታወስ ይገባል። የእኛ የማታ ተማሪ በሳምንት ያገኝ የነበረው ስምንት ሰዓት ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ።

ከዚያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት መጽሐፉን ሳልተው ጎን ለጎን ሌላ ሥራ አስገባሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ ሁለት መሥመር በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲመጣ፣ ቆሞ እንዲያነብ፣ በሁሉም ፊት እንዲታረም አደረግሁ። ስለ ምን? ስለ ፈለገው። መሥመሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስት ቢሆን አልቀበልም። መጀመሪያ ተኮሳተሩ። ከድሬዳዋ የመጣ ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ስለ ፉርጎ ጻፈ፤ አንዲት ነርስ ስለ አንድ በሽተኛ እጅ ጻፈች፤ ቄስ የነበረ ዘበኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሰምና ወርቅ ሊያወጣ ሞክሮ ክፍሉን እስከ ሦስት ሰዓት አከራከረው። ያ ዓመት ከገና በኋላ የጎደለው ወንበር አራት ነበር።

ቤቶቹ አሁን የሉም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የማታ ተማሪዎች ሻይ እየጠጡ የቤት ሥራ የሚገለባበጡባቸው ክፍሎች አብረው ሄደዋል። የሁለት መሥመር ጽሑፎቹ ግን በሁለት ሰማያዊ ደብተር ተገልብጠው እኔ ዘንድ አሉ። ለክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ለማስረከብ አስቤያለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስም አውጥቼ።